ነርቭ ሲቆረጥ ጡንቻ እስከ መቼ ይጠብቃል?

አንድ የግንባታ ሠራተኛ መስታወት ተሸክሞ ሲሄድ መስታወቱ ተሰብሮ የእጅ አንጓውን ቆረጠው እንበል። ደሙ ይቆማል፤ ቆዳው ይሰፋል፤ ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ክሩ ይወጣል፤ ጠባሳውም ቀጭንና ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ያየው ሁሉ “እንኳን በዚህ አለፈ” ይለዋል። እርሱ ግን ትንሿ ጣቱ እንደደነዘዘች፣ ጣቶቹን ዘርግቶ መልሶ መግጠም እንዳቃተው ያውቃል። “ቁስሉ ገና ስላልጠና ነው” ብሎ ይታገሣል። አንድ ወር ያልፋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላሉ። አንድ ቀን እጁን ሲታጠብ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል የነበረው ሥጋ ጎድጉዶ፣ የእጁ ጀርባ አጥንቶችም ገጠው ያገኛቸዋል። ቁስሉ ድኗል፤ እጁ ግን እየሰለለ ነው።

በዚህ አደጋ መስታወቱ መዳፉ ውስጥ ያሉትን ጡንቻዎች አልነካቸውም። የቆረጠው በአንጓው በኩል ወደ መዳፍ የሚያልፈውን፣ ሐኪሞች አልናር ብለው የሚጠሩትን ነርቭ ነው። ጡንቻዎቹ ከቁስሉ በታች ደም እየደረሳቸው፣ ምግብና ኦክስጅን ሳይቋረጥባቸው ተቀምጠዋል። ታዲያ ሳይቆረጡና ሳይራቡ ለምን ሰለሉ? ጥያቄው የሳይንስ ሊቃውንትን ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ያመራመረ ነው። መልሱ ደግሞ በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ሁሉ ተግባራዊ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ጡንቻ ከነርቩ ሲለይ ወዲያው አይሞትም፣ ይጠብቃል። ትዕግሥቱ ግን ገደብ አለው፤ ገደቡም የሚቆጠረው በወራት ነው።

ከትእዛዝ ያለፈ ግንኙነት

ብዙዎቻችን ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ጡንቻን እንደ አምፖል እናስባለን። ሽቦው ቢቆረጥ አምፖሉ ይጠፋል እንጂ አይበላሽም፤ ከዓመታት በኋላ ሽቦው ቢቀጠል መልሶ ይበራል። የሰው አካል ግን እንዲህ አይደለም። ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ብቻ ሳይሆን፣ መጠኑንና ጠባዩን የሚጠብቅለት ባለአደራም ነው።

እጅና እግርን የሚያንቀሳቅሱ የነርቭ ሴሎች አካላቸው የሚገኘው በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ባለው ሕብለ ሰረሰር ነው። ከዚያ የሚወጣው የእያንዳንዱ ሴል ቀጭን ክር፣ አክሰን የሚባለው፣ እስከ እግር ጣት ድረስ አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ተከፋፍሎ በርካታ የጡንቻ ክሮችን ያዛል። ዓይንን በሚያንቀሳቅሱ ረቂቅ ጡንቻዎች አንድ የነርቭ ሴል የሚያዘው አሥር ያህል የጡንቻ ክሮችን ሲሆን፣ በባት ጡንቻ ግን ከሺህ በላይ ክሮችን ሊያዝ ይችላል። ነርቩና ጡንቻው በሚገናኙበት ስፍራ ከፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ የሚጠብ ክፍተት አለ። ነርቩ በዚያ ክፍተት አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይረጫል፤ በጡንቻው በኩል ያሉ ተቀባዮች ይይዙታል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል።

ነርቭ የጡንቻን ጠባይ ምን ያህል እንደሚወስን በጉልህ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960 ይፋ የሆነ ሙከራ ነው። በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ጆን ኤክልስና ባልደረቦቻቸው፣ በድመቶች ላይ ፈጣን ጡንቻን የሚያዘውን ነርቭ ከዝግተኛው ጡንቻ ጋር፣ የዝግተኛውንም ከፈጣኑ ጋር አቀያይረው ሰፉ። ከወራት በኋላ ዝግተኛ የነበረው ጡንቻ ፈጠነ፤ ፈጣን የነበረውም ዘገየ። ጡንቻው የአዲሱን አዛዡን ጠባይ ያዘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ቴርዬ ሎሞ እና ጂን ሮዘንታል የተባሉ ተመራማሪዎች ነርቩ የተቆረጠበትን የአይጥ ጡንቻ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሲያሠሩት፣ በነርቭ መቆረጥ ከሚመጡት ለውጦች አንዱ፣ ማለትም ጡንቻው ለአሴቲልኮሊን የሚያሳየው ያልተለመደ ስሜታዊነት፣ እንደሚገታ አሳዩ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ከባድ ነው። ጡንቻ ጡንቻ ሆኖ የሚቆየው ሲሠራ ነው፤ ሥራውን የሚያዘው ደግሞ ነርቭ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት

ነርቭ ሲቆረጥ በቅድሚያ የሚሞተው ከቁርጡ በታች ያለው ክፍል ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1850 የገለጸው እንግሊዛዊው አውግስጦስ ዋለር ሲሆን፣ ምልከታውን ያደረገው የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ ነበር። ከሴሉ አካል የተለየው የክሩ ክፍል ቀስ በቀስ ተበጣጥሶ ይፈርሳል፤ የአካል ጽዳት ሴሎችም ፍርስራሹን ይጠርጉታል። የሚያስገርመው ግን ይህ የተለየ ክፍል ለጥቂት ቀናት በሕይወት መቆየቱ ነው። ሐኪም ከቁርጡ በታች በኤሌክትሪክ ቢነካው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻው ሊኮማተር ይችላል። ስለዚህ ከአደጋው ማግስት የተደረገ የነርቭ ምርመራ ብቻውን ቢታይ አሳሳች ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ጡንቻው ጌታውን መፈለግ ይጀምራል። በጤናማ ጡንቻ የአሴቲልኮሊን ተቀባዮች የሚከማቹት ነርቩ በሚነካው ጠባብ ስፍራ ብቻ ነው። ነርቩ ሲጠፋ ግን ጡንቻው አዳዲስ ተቀባዮችን ሠርቶ በመላው የገጹ ስፋት ይበትናቸዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በእናት ማኅፀን ያለ ፅንስ ጡንቻ የሚይዛቸው ዓይነት ናቸው። ድምፅ የናፈቀው ሰው ጆሮውን በየአቅጣጫው እንደሚያቀና፣ ጡንቻውም ከየትኛውም አቅጣጫ ለሚመጣ ነርቭ ራሱን ያመቻቻል።

በዚሁ ጊዜ የጡንቻው ክሮች ያለ አዛዥ በየግላቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። እንቅስቃሴው እጅግ ረቂቅ በመሆኑ በቆዳ ላይ አይታይም፤ በጡንቻ ውስጥ በሚገባ ቀጭን የመርፌ ምርመራ ግን ይመዘገባል። ይህን የነርቭ አልባ ክሮች መንቀጥቀጥ፣ በዓይን ከሚታየው የጡንቻ መርገብገብ ለይተው እ.ኤ.አ. በ1938 ያብራሩት ዴኒ ብራውንና ፔኒቤከር ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ በግልጽ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ሐኪሞች “ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰህ ለምርመራ ና” የሚሉት ለዚህ እንጂ ለችላ ባይነት አይደለም።

የተቀባዮቹ መብዛት ግን ሊታወቅ የሚገባው አንድ አደጋ አለው። ለቀዶ ሕክምና ጡንቻን ለማላላት ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሰክሲኒልኮሊን የሚሠራው በእነዚሁ ተቀባዮች በኩል ነው። ነርቭ በሌለው ጡንቻ ላይ ተቀባዮቹ በመላው ገጹ ስለተበተኑ፣ መድኃኒቱ ሲሰጥ ከጡንቻው ወደ ደም የሚወጣው ፖታሲየም በድንገት ሊያሻቅብና የልብ ምትን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። አደጋው ከጉዳቱ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ የነርቭ ጉዳት ያለበት ሰው ለየትኛውም ቀዶ ሕክምና ሲገባ፣ ጉዳቱን መቼና የት እንደደረሰበት ለሰመመን ሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ራሱን የሚያፈርስ ጡንቻ

አማርኛ ይህን ሁኔታ ከሳይንሱ በፊት ያውቀዋል። እጅ ወይም እግር ቀጥኖና ደክሞ ሲቀር “ሰለለ” እንላለን፤ በልጅነት የሚመጣውንም ልምሻ ብለን እንጠራዋለን። ሳይንሱ የጨመረልን የመስለሉን አሠራር ነው።

ጤናማ ጡንቻ ፕሮቲኖቹን ዘወትር ያፈርሳል፤ ዘወትርም ይገነባል። በሚሠራ ጡንቻ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ነርቩ ሲቋረጥ ግን ግንባታው አፍራሹን መከተል ይሳነዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት የምርምር ቡድኖች በሚሰልል ጡንቻ ውስጥ እጅግ የሚነቃቁ ጂኖችን አገኙ። ከእነርሱ ዋነኞቹ ሙርፍ-1 እና አትሮጂን-1 የሚባሉት ናቸው። የእነዚህ ጂኖች ውጤቶች መፍረስ ባለባቸው ፕሮቲኖች ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ምልክት የተደረገበትን ፕሮቲን ደግሞ በሴሉ ውስጥ ያለ የማፍረሻ መሣሪያ ይቆራርጠዋል። ከሁለቱ ጂኖች አንዱ የጎደላቸው አይጦች ነርቫቸው ሲቆረጥ ጡንቻቸው የሰለለው በእጅጉ ባነሰ መጠን ነበር። እንግዲህ መስለል ዝም ብሎ መበስበስ ሳይሆን ሴሉ ራሱ የሚያካሂደው የታዘዘ ሥራ ነው።

ፍጥነቱ ከፍጡር ፍጡር ይለያያል። በአይጥ የኋላ እግር ላይ ጡንቻው በመጀመሪያው ወር ገደማ የክብደቱን ግማሽ ያህል ያጣል። በሰው ላይ ሂደቱ ዘገም ያለ ቢሆንም፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዓይን ይለያል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም እጅግ ይፋጠናል። በዚህ ደረጃ የሚጠፋው ግን በአብዛኛው የክሮቹ ውፍረት እንጂ ቁጥራቸው አይደለም። ቤቱ ባዶ ሆነ እንጂ አልፈረሰም፤ ነርቩ ቢመለስ ጡንቻው እንደገና ሊሞላ ይችላል።

መመለሻው መንገድ ሲዘጋ

ወራት ሲረዝሙ ግን ለውጡ መልኩን ይቀይራል። በመጀመሪያ በጡንቻው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይመናመናሉ። የጡንቻ ጥገና ተጠባባቂ የሆኑት፣ ሳተላይት ሴሎች የሚባሉት፣ መጀመሪያ ተነቃቅተው ይበዛሉ፤ ቆይተው ግን እያነሱ ይሄዳሉ። በክሮቹ መካከል ጠባሳ መሰል ጠንካራ ሕብር ይገባል። በመጨረሻም አንዳንዶቹ ክሮች ይሞታሉ፤ ስፍራቸውንም ስብ ይወርሰዋል። እንዲህ ያለውን ጡንቻ በምስል ምርመራ ያየ ሐኪም የሚያገኘው ሥጋ ሳይሆን ስብ የተሰገሰገበት ጠባሳ ነው።

መንገዱም እንደ ቤቱ ይበላሻል። ነርቭ መልሶ ሲያድግ የሚከተለው ቀድሞ ያልፍበት የነበረውን ባዶ ቱቦ ነው። ቱቦውን የሚጠብቁትና ለሚያድገው ክር ምግብና ምልክት የሚሰጡት ሽዋን የሚባሉ ሴሎች ናቸው። እነዚህ ሴሎች ለወራት ከጠበቁ በኋላ ይደክማሉ፤ ቱቦውም ይጠብባል። ስለዚህ ጊዜ ሲያልፍ ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ ነርቩ መንገድ ያጣል፤ ቢደርስም ተቀባይ ያጣል።

የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ለዚህ ሁሉ አንድ ግምታዊ ገደብ አላቸው። የሰው ጡንቻ ነርቩን ካጣ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ነርቭ ቢደርሰው እንኳ ጠቃሚ ኃይል መልሶ የማግኘት ዕድሉ በእጅጉ ይመነምናል። የቆዳ ስሜት ግን ከዚህም ዘግይቶ ሊመለስ ይችላል። ይህን ልዩነት አለማወቅ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ መደንዘዙ እየቀነሰ መምጣቱ ጡንቻውም እየተመለሰ ነው ለማለት በቂ ማስረጃ አይደለም።

የሚሊ ሜትር ሒሳብ

በሌላው ወገን ያለው ሯጭ ነርቩ ነው፤ እርሱም አዝጋሚ ነው። የተቆረጠና በአግባቡ የተሰፋ ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ በወር ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጉዳዩ ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

በመግቢያችን ያነሣነው ሠራተኛ የተቆረጠው አንጓው ላይ ነው። ከዚያ እስከ መዳፉ ጡንቻዎች ያለው ርቀት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ነርቩ ወዲያው ከተሰፋ ሦስት ወይም አራት ወር ይበቃዋል። ጡንቻው በትዕግሥቱ ውስጥ እያለ ይደረስለታል። ያው ነርቭ የተቆረጠው ብብት አጠገብ ቢሆንስ? ርቀቱ ስድሳ ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ስድስት መቶ ቀን፣ ማለትም ሃያ ወር ያህል ነው። ጡንቻው የሚጠብቀው እስከ አሥራ ስምንት ወር ከሆነ፣ ነርቩ ምንም ሳይዘገይ እንኳ ቢነሣ የሚደርሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጉዳቱ ወደ ትከሻ በቀረበ መጠን የእጅ ተስፋ ይጠብባል። ሁለተኛ፣ “ትንሽ ልታገሥ” ተብሎ የሚባክነው እያንዳንዱ ወር ከጡንቻው ትዕግሥት ላይ የሚቀነስ ነው። ለስድስት ወር ቤቱ የተቀመጠ ሰው፣ ነርቩ አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሚሄድበትን ጊዜ አባክኗል።

ሽባነት ሁሉ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስፈር ያሻል። በስትሮክ እጁን ያጣ ሰው የተጎዳው አንጎሉ ላይ ነው፤ ከሕብለ ሰረሰር እስከ ጡንቻ ያለው ነርቭ አልተቆረጠም። ስለዚህ እጁ ባይታዘዝም ጡንቻው ነርቩን አላጣም፤ ብዙውን ጊዜም ይገተራል። ለአንድ ወር በጀሶ የታሰረ እግርም ይቀጥናል፤ ነርቩ ግን ስላለ በእንቅስቃሴ ይመለሳል። ነርቩን ያጣ ጡንቻ የሚለየው ልፍስፍስ መሆኑ፣ ጅማቱ ሲመታ አለመመለሱ፣ በፍጥነትም መስለሉ ነው።

የነርቭ ጉዳትም በራሱ ደረጃ አለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴዶን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ጉዳቱን በሦስት ከፈለው። በመጀመሪያው ደረጃ ነርቩ ተጨቁኖ ሥራ ያቆማል እንጂ አይቆረጥም፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። በሁለተኛው ውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ቱቦው ግን ስላለ መንገዱን ተከትለው ያድጋሉ። በሦስተኛው ነርቩ ጨርሶ ይቆረጣል፤ ያለ ቀዶ ሕክምናም መልሶ የመገጣጠም ተስፋው እጅግ ጠባብ ነው። በስለት ወይም በመስታወት የተቆረጠ እጅ ሲደነዝዝና ሲደክም፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሦስተኛው ደረጃ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ነርቩ በከፊል ሲጎዳ ደግሞ አካል ድንቅ መፍትሔ አለው። የተረፉት የነርቭ ክሮች ቅርንጫፍ አውጥተው አጠገባቸው ያሉትን ወላጅ አልባ የጡንቻ ክሮች እንደ ማደጎ ይወስዷቸዋል። ፖሊዮ የያዛቸው ልጆች ከፊል ኃይላቸውን መልሰው የሚያገኙበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ይሁን እንጂ አንድ የነርቭ ሴል ከአቅሙ በላይ ብዙ ክሮችን ለአሥርተ ዓመታት ሲሸከም ይዝላል። በልጅነታቸው ፖሊዮ ኖሮባቸው የዳኑ አንዳንድ ሰዎች በጎልማሳነታቸው አዲስ ድካምና መስለል የሚገጥማቸው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል።

ሐኪም ምን ማድረግ ይችላል?

የተቆረጠን ነርቭ መስፋት አሮጌ ሐሳብ ነው። “አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ” የተሰኘው መጽሐፍ ባለቤት ኢብን ሲና (980–1037)፣ የነርቭ ጫፎች እንዲሰፉ ከመከሩ ቀደምት ሐኪሞች መካከል በሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቀሳሉ። ሐሳቡ ወደ ረቂቅ ጥበብ ያደገው ግን ቀዶ ሐኪሞች ከ1960ዎቹ ወዲህ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር መስፋት ሲጀምሩ ነው። ጫፎቹ ተራርቀው አልገናኝ ካሉ፣ ከሌላ የአካል ክፍል የቆዳ ስሜት ነርቭ ተወስዶ እንደ ድልድይ ይገባል።

ርቀቱ ረጅም ሲሆን ደግሞ መንገዱን ማሳጠር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ኦበርሊን ባቀረቡት ዘዴ፣ ጤናማ ከሆነው የአልናር ነርቭ ጥቂት ክሮች ተወስደው ክርንን ለሚያጥፈው ጡንቻ ነርቭ ይሰጣሉ። ነርቩ ከአንገት ተነሥቶ ከመጓዝ ይልቅ ከጡንቻው አጠገብ ስለሚነሣ፣ የወራት መንገድ ያጥራል። ከላይ ያየነው የሚሊ ሜትር ሒሳብ ለሕክምና መሣሪያነት የዋለው እንዲህ ነው።

ጊዜው ካለፈም በር ሁሉ አልተዘጋም። ሐኪሞች ጤናማ የሆነ ጡንቻ ጅማትን ከቦታው አዙረው የጠፋውን ሥራ እንዲሠራ ያደርጋሉ። ይህ ቀዶ ሕክምና የሥጋ ደዌ ነርቫቸውን ለጎዳባቸው ሰዎች ታላቅ ውለታ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአለርት ማዕከልም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ተሐድሶ በአህጉር ደረጃ የሚታወቅ ተቋም ነው።

በኤሌክትሪክ ማሠራትስ? በቪየና ኸልሙት ከርንና ባልደረቦቻቸው የእግር ጡንቻቸው ነርቭን ጨርሶ ያጣ 25 ሰዎችን ይዘው በየቤታቸው ለሁለት ዓመት ጠንካራ የኤሌክትሪክ ልምምድ እንዲያደርጉ አድርገዋል። ያጠናቀቁት 20 ሲሆኑ፣ የጭናቸው ጡንቻ ስፋት በአማካይ 35 በመቶ ጨምሯል። ይህ ትልቅ ግኝት ቢሆንም ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። ልምምዱ ልዩ መሣሪያና ለዓመታት የዘለቀ ጽናት ይጠይቃል፤ ጡንቻውን ያወፍራል እንጂ የጠፋውን ነርቭም ሆነ በፈቃድ መንቀሳቀስን አይመልስም።

በሰው አገር ለሚሠራ ሰው

ይህ ሁሉ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለም። በግንባታ ስፍራ መስታወትና ቆርቆሮ፣ በማእድ ቤት ቢላዋና የተሰበረ ብርጭቆ፣ በመንገድ የሞተር ብስክሌት አደጋ የዕለት ተዕለት ሥጋቶች ናቸው። አደጋ ሳይደርስም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ሌሊት እጅን የሚያደነዝዝና የአውራ ጣትን ሥር ቀስ በቀስ የሚያጎድል የአንጓ ነርቭ መጨቆን፣ እጅን በማያቋርጥ ሥራ በሚያደክሙ ሰዎች ላይ ይታያል። አካባቢው የስኳር ሕመም ከሚበዛባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው፤ ቁጥጥር ያጣ ስኳርም የእግርን ነርቮች ጎድቶ የውስጥ እግር ጡንቻዎችን ያሰልላል፤ ጣቶችንም ያጣምማል።

ስለዚህ ከቁስል በኋላ ሁለት ጥያቄዎችን ራስዎን ይጠይቁ። ከቁስሉ በታች ያለው ቆዳ ይሰማኛልን? ጣቶቼን ማጠፍ፣ መዘርጋትና ማራራቅ እችላለሁን? ከሁለቱ አንዱ መልሱ “አይደለም” ከሆነ፣ ቆዳው ከመሰፋቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከተሰፋም በኋላ ቢሆን በዚያው ሳምንት የእጅ ወይም የነርቭ ቀዶ ሐኪም እንዲያይዎት ይጠይቁ። በስለት የተቆረጠ ነርቭ በቀናት ውስጥ ቢሰፋ ውጤቱ ያምራል። ሳይቆረጥ በመውደቅ ወይም በመጨፍለቅ የተጎዳ ነርቭ በክትትል ሊታይ ይችላል፤ በሦስት ወር ውስጥ የመመለስ ምልክት ካላሳየ ግን ሌላ ዝምታ አይገባውም።

በመጠበቅ ላይ ያለ እጅም ሥራ አለው። መገጣጠሚያዎች እንዳይደርቁ በጤናማው እጅ በየቀኑ በቀስታ ማንቀሳቀስ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘውን ድጋፍ ማሰር ያስፈልጋል። የደነዘዘ ቆዳ ሙቀትን አያውቅምና ከምድጃ፣ ከካውያና ከፈላ ውኃ ይጠበቅ። አገር ቤት ልማድ ሆኖ ወደ ወጌሻ መሄድ የሚቀናን አለን፤ መታሸት የተቆረጠን ነርቭ አይቀጥልም፤ አጥብቆ ማሰር ግን የደም ዝውውርን ዘግቶ የዳነውን ጡንቻና ነርቭ ሊገድል ይችላል።

የሥራ ውሉ አልቆ ወይም በጉዳቱ ምክንያት ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ደግሞ ከሻንጣው በፊት ሰነዱን ያስብ። የአደጋው ቀን፣ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ ነርቩ መሰፋት አለመሰፋቱ፣ የነርቭ ምርመራው ውጤት በጽሑፍ ይያዝ። በአዲስ አበባ የሚቀበለው ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄው “መቼ ነው የተጎዳኸው?” የሚል ይሆናል። የዚያ መልስ ነው ነርቭ ይሰፋ ወይስ ጅማት ይዛወር የሚለውን ለመወሰን የሚያግዘው።

በመግቢያችን የተነሣው ሠራተኛ ሦስት ወር አባክኗል፤ ነገር ግን አልመሸበትም። ቁርጡ አንጓው ላይ ነው፤ የቀረው መንገድ አሥር ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጡንቻው ቀጥኗል እንጂ አልሞተም። ዛሬ ሐኪም ፊት ቢቀርብ የእጁን ኃይል መልሶ የማግኘት ተስፋ አለው። ዓመት ተኩል ቆይቶ ቢቀርብ ግን ያው ሐኪም፣ ያው ጥበብ፣ ያው መርፌ በእጁ ይዞ ሊሰጠው የሚችለው እጅግ ያነሰ ነው።